እትዬ ኢዳ በዳቦ ያጠፉት ጽሕፈት

ወሬው የደረሰን ከጆበርግ ወጣ ብላ ባለችው ጻካኔ፣ ሱቃችን ውስጥ ነው። እናቴ ለአንዲት ደንበኛ ኤርታይም፣ ያው የስልክ ካርድ፣ ትሸጣለች፤ እኔ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጬ የእናቴን ስልክ እጎረጉራለሁ። የድምፅ መልእክት ገባ፤ ከካርላ፣ ከእትዬ ኢዳ የእህት ልጅ። ከፈትኩት። ካርላ በእንግሊዝኛ፣ ማስክ ውስጥ በታፈነ ድምፅ፣ አክስቷ ሆስፒታል እንዳረፉ፣ ማንም ገብቶ እንዳላያቸው፣ ቀብሩ ላይም ጥቂት ሰው ብቻ እንደሚፈቀድ ነገረችን። እናቴ በፍርግርጉ በኩል ለደንበኛዋ መልሷን ሰጥታ ዞር አለችና "የኛ ኢዳ?" አለች።

የኛ ኢዳ! በኮሮናው መጀመሪያ ሰሞን እኮ "ያቺ የዳቦ ጠላት" ነበር የምትላቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እሳቸው ልጻፍ ልጻፍ ይለኛል። እዚሁ ጆበርግ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ አማርኛ መጻፍ ከጀመርኩ ገና ነው። ግን አንዴ ከያዘልኝ ወዲህ ማን ያቁመኝ!

እትዬ ኢዳ ጣልያን ናቸው፤ ጅማ የተወለዱ ጣልያን። አባታቸው እዚያ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበራቸው። እሳቸውም ከሠራተኞቹ ልጆች ጋር ሲራገጡ አድገው፣ ኮረዳ ከሆኑ በኋላ ነው ቤተሰቡ ነቅሎ ደቡብ አፍሪካ የገባው። አማርኛቸው ከጅማ የወጡበትን ቀን እንደያዘ ቀርቷል። "እንደምን ሰነበትሽ" ይላሉ። "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። ሲናደዱ ደግሞ "አንቺ ቀበጥ!" እኛ ቤት የአባቴና የእናቴ ቋንቋ ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛ ከሰው ጋር መገናኛችን ነው። አባቴ ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ኮቴጅ፣ የጓሮዋን ትንሽ ቤት፣ ሊከራይ ሄዶ በአማርኛ ሲቀበሉት፣ ተመልሶ "እኚህ ፈረንጅ አማርኛ ሊያስተምሩን ነው" ብሎ ሲስቅ አመሸ። የሰፈሩ ልጆች ግን "ሳውቦና ጎጎ!" (እንደምን ነሽ አያቴ) እያሉ ነው የሚያልፏቸው፤ እሳቸውም በበራቸው ቆመው በዙሉ ይመልሳሉ።

በኮሮና ምክንያት ከቤት አትውጡ ተብሎ ሎክዳውኑ ሲታወጅ አባቴ ጻካኔ ቀረ። ምግብ የሚሸጥ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው፣ መክፈት ስለተፈቀደለት ሱቁን ጥሎ መምጣት አልፈለገም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ፍራሽ አነጠፈ። እኔና እናቴ ኮቴጃችን ውስጥ ተዘጋን። ትምህርት በዋትሳፕ ሆነ፤ ዳታው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። ታክሲ የማይጮህበት ሮዘተንቪል ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል። ዶሮ ሲጮህ ሰው መስኮት ከፍቶ ያያል።

አንድ ጠዋት እትዬ ኢዳ በመጥረጊያ እንጨት መስኮታችንን አንኳኩ። ርቀት መጠበቃቸው ነው።

"አንቺ ልጅ! እጅሽ ንጹሕ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አሳዪኝ።"

በመስኮቱ አወጣሁላቸው። በግ ገበያ የወጣ ሰው ይመስል አገላብጬ እንዳሳያቸው አዘው፣ ፊቱንም ጀርባውንም መረመሩ።

"ጥፍርሽን ቁረጪና ነይ። ማስክሽን እንዳትረሺ።"

ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም። ከወለል እስከ ጣሪያ ሳጥን ነው፤ የእንጨት ሳጥን፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ የቲማቲም ካርቶን። በውስጣቸው የሙዚቃ ኖታ። ድሮ ጆበርግ ያሉ ጣልያኖች የሙዚቃ ማኅበር ነበራቸው። ቀን ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊና መካኒክ የሆኑ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ተሰብስበው የአገራቸውን የጥንት ሙዚቃ ይጫወታሉ። ኖታው በመርከብ የመጣ ነው፤ ከትንንሽ ከተሞች፣ ከተበተኑ የሙዚቃ ጓዶች፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት። ከፊሉ የታተመ ነው፤ ከፊሉ ቀለሙ ወደ ቡናማ የሄደ የእጅ ጽሑፍ። ማኅበሩ ፈርሶ አዳራሹ ሲሸጥ፣ ቤተ መዛግብቱን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁ የኖሩት እትዬ ኢዳ ሳጥኖቹን ወደ ቤታቸው አስጫኑ። አሁን ጣልያን አገር ያለ አንድ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ሁሉንም ሊወስድ ተስማምቷል። ድንበር ሲከፈት ኮንቴነር ይመጣል። እስከዚያ መጽዳት አለበት።

መጽዳት ማለት አቧራ ማራገፍ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ኦርኬስትራ ውስጥ ሙሉውን ሙዚቃ የሚያየው መሪው ብቻ ነው። ሌላው ሰው የየራሱን መስመር ብቻ የያዘ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቫዮሊኑ የቫዮሊኑን፣ ዋሽንቱ የዋሽንቱን። ልምምድ ላይ እያንዳንዱ ማስታወሻውን በእርሳስ ይጭርበታል። ኮንሰርቱ ሲያልቅ እትዬ ኢዳ ወረቀቱን ይሰበስቡና እያንዳንዷን ጭረት አጥፍተው፣ አዲስ አስመስለው ሳጥን ይከታሉ።

"የሚቀጥለው ሰው የሌላውን ጭንቀት አይውረስ" ይሉ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ኮንሰርቶች ወረቀት ግን ማኅበሩ ሲፈርስ እንደተጻፈበት ቀርቷል። የኛ ሥራ እሱን ማጥፋት ነው። በላጲስ? የለም! ላጲስ ያረጀ ወረቀት ያቆስላል። በዳቦ ነው። ያደረ ነጭ ዳቦ ቅርፊቱን ይገፉና፣ ለስላሳውን ውስጡን በጣታቸው አሽተው እንደ ሊጥ ያድቦለቡሉታል። ከዚያ ከገጹ መሐል ወደ ዳር፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ ቀስ አድርገው ያሻሹታል። እርሳሱ ወደ ዳቦው ይሄዳል። ፍርፋሪውን በእስትንፋስ ማራገፍ ክልክል ነው፤ ምራቅ አለበት። በለስላሳ ብሩሽ ነው።

እናቴ ይህን ያየች ቀን ጋራዡ በር ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

"ምሕረት! ዳቦ ነው የያዝሽው?"

"አዎ፣ ማዬ። ማጥፊያ ነው።"

"ኧረ በጌታ! ሰው ዳቦ አጥቶ ተሰልፎ ባለበት ጊዜ! እትዬ፣ እኛ አገር እኮ ዳቦ መሬት ከወደቀ ተስሞ ነው የሚነሣው!"

"ጅማም ይሳማል፣ ታደለች። እኔም ስሜ ነው ያደግኩት" አሉ እትዬ ኢዳ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ። "ሲያልቅ ለወፎቹ እበትነዋለሁ።"

እናቴ አሰበች። "ለወፍ ከሆነ እሺ" አለችና ሄደች። ግን ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ዳቦ ስትቆርጥ እኔን እያየች ነው።

እኔ ግን ደስታዬን አልችለውም ነበር! ከማጥፋታችን በፊት እትዬ ኢዳ እያንዳንዱን ጭረት እየተረጎሙ ያነቡልኛል። መነጽር የተሣለ እንደሆነ "እዚህ ጋ መሪውን እይ" ማለት ነው። አንዱ ጥሩምባ ነፊ ለራሱ "ቁጠር፣ አንተ አህያ!" ብሎ ጽፏል። አንዷ ቫዮሊን ተጫዋች ገጹ ግርጌ ላይ የመሪውን አፍንጫ ሥላለች። "አፍንጫውስ እውነትም እንዲህ ነበር፣ ግፍ አልሠራችበትም" ብለው አጠፉት። ኖታ የሚቀዳ ጎበዝ ሰው ምን እንደሚያደርግም አስተማሩኝ፤ ገጹን የሚጨርሰው ተጫዋቹ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። አለዚያ ሁለት እጁ ተይዞ ገጹን በምን ይግለጠው? "ሰው የሚያርፍበትን ቦታ ማሰብ ነው ሙያው" አሉኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቼሎውን (በጉልበት መሐል ይዘው የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን ነው) ወረቀት አንዱን ሳጥን እንዳወርድ አዘዙኝ። አንዱን ወረቀት ገለጡ፤ ሌላውን ገለጡ። ፈጠኑ። እንደዚያ ሲፈጥኑ አይቻቸው አላውቅም።

"ይሄ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ እትዬ" አልኩ፤ ሥራ ቀለለልን ብዬ ደስ ብሎኛል።

"አውቃለሁ። ያጸዳሁት እኔ ነኝ።"

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። "ምሕረት፣ የሬንዞ ጽሕፈት የለኝም።"

ሬንዞ ባላቸው ነው፤ እኔ ሳልወለድ የሞተ። (ሬንዞ የምለው እሳቸው እንደዚያ ስለሚሉት ነው፤ አባቴ ቢሰማ "ሽማግሌ አንተ ይባላል?" ይል ነበር።) ቀን ቀን ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ቼሎ ይጫወት ነበር።

"እንዴት አይኖርዎትም? ደብዳቤ እንኳን?"

"ደብዳቤ የሚጽፍ የራቀ ሰው ነው። እኛ ተለያይተን አድረን አናውቅም። ፊርማው አለኝ፤ ፊርማ ጽሕፈት ነው? ሥራ ላይ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጽፍና ሴራሚኩን ይለጥፍበታል። ከጆበርግ መታጠቢያ ቤት ስንቱ ውስጥ የሬንዞ ጽሕፈት አለ መሰለሽ! ማን ግድግዳውን ያፍርስልኝ?"

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ አቆሙ።

"የጻፈው እዚህ ነበር። እዚህ፣ ቼሎው ወረቀት ላይ። ቁጭ ብሎ ሲጽፍ አየዋለሁ፤ ኮንሰርቱ ሲያልቅ ደግሞ በዚህ እጄ አጠፋዋለሁ። ጎበዝ ነበርኩ እኮ። አንድ አላስቀርም።" ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ኮንቴነሩ ሳይመጣ አንድ ያመለጠኝ መስመር ፈልጊልኝ። አንድ ይበቃኛል።"

ከዚያ ወዲያ ማጽዳቱ ቀርቶ ፍለጋ ሆነ። የቀረው የቼሎ ወረቀት ከየሥራው ጋር ተደባልቆ በየሳጥኑ ተበትኗል። እርሳስ ያየሁ በመሰለኝ ቁጥር እየሮጥኩ እወስድላቸዋለሁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው "የፓስኳሌ ነው"፣ "የዚያ ሰካራም ነው"፣ "ይሄ ደግሞ የዝንብ ኩስ ነው" ይሉኛል። ምሽት ላይ ነገሩን ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ እጇን ታጥባ፣ ማስኳን አድርጋ ጋራዡ መጣች።

"ስጡኝ አንዱን ሳጥን፣ እትዬ። ኖታ አላውቅም፤ ግን ከምስር ጠጠር ስለቅም ነው ያደግኩት።"

"ታደለች፣ ሥራ የለሽም?"

እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ማገላበጥ ጀምራ ነበር። "እናቴ ስትሞት የደረሰኝ ነጠላዋ ነው" አለች፣ ቀና ሳትል። "ሽታዋ ነበረበት። እኔ ደግሞ ንጹሕ ሴት ነኝ፤ አጠብኩት።"

እትዬ ኢዳ እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ፤ ያ ጊዜ ሰው የማይነካካበት መሆኑ ትዝ ሲላቸው መለሱት። እናቴ ያለችውን እኔም አላውቅም ነበር። ነጠላውን አውቀዋለሁ፤ ታሪኩን ግን አላውቅም።

ክረምት ገባ። የኛ ክረምት ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ደረቅ ብርድ፣ ጠዋት ቧንቧው ውስጥ ውኃው በረዶ ሆኖ የሚደርቅበት። ካርላ ደውላ የኮንቴነሩ ቀን እንደተቆረጠ ነገረቻቸው። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ እየታሰሩ ከግድግዳው ወደ በሩ ተጠጉ። ምንም አልተገኘም። እትዬ ኢዳ መቆጣት ተዉ፤ "ቀበጥ" እንኳ አይሉኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።

የቀረን የመጨረሻው ሳጥን ነበር። ውስጡ አንድ የቅዳሴ ሙዚቃ፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ኦርጋን ተጫዋች የደረሰው፣ ታትሞ የማያውቅ፣ ከዚህ ጋራዥ ሌላ የትም የሌለ። ማኅበሩ የተጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ዕለት ሦስታችንም ነበርን፤ ከሰዓት ነው፣ ግን ለብርዱ በሩን ዘግተነዋል፤ መብራቱ ድርግም አለ። ሎድሼዲንግ፣ የመብራት ፈረቃ። "ኤሽ!" አልኩና የስልኬን መብራት አበራሁ። ሳጥኑን ማሰሪያ ገመድ ለመሳብ ሁለት እጄን ስለፈለግኩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አስቀመጥኩት። ብርሃኑ ተገልጦ በቀረው የቼሎ ገጽ ላይ ከጎን ተኝቶ ሄደ። ወረቀቱ የታረሰ ማሳ መሰለ።

"እትዬ፣ ይሄ ወረቀት ላይ ጭረት አለ።"

"አይጥ ነው።"

"አይጥ አይመስለኝም። መስመር ጠብቆ ነው የሚሄደው።"

መጡ። ከጠረጴዛው ጎን ተንበረከኩ፤ በዚያ ጉልበታቸው! ዓይናቸውን ከወረቀቱ ትክክል አደረጉ። እርሳሱ የለም፤ በዳቦ ሄዷል። ሬንዞ ግን ሲሚንቶ ግድግዳ ላይ መጻፍ የለመደ ሰው ነው፤ ሲጽፍ ይጫናል። እርሳሱ የቆፈረው ጎድጓዳ እዚያው ነበር፣ ጥላ ይዞ።

እናቴ ስልኩን ትንሽ አዘነበለችላቸው። ፊደሎቹ ብቅ አሉ።

"ምን ይላል?" አልኩ። ፍቅር ነው የጠበቅኩት። እውነቴን ነው።

"ነጭ ሲሚንቶ።"

"ምን?"

"'ነጭ ሲሚንቶ እንዳትረሳ' ነው የሚለው።" ጣታቸውን ኖታው ላይ አሳረፉ። "አያችሁት? 'አቤቱ ማረን' የሚባለው ቦታ ላይ ነው እኮ። ሰው ምሕረት ሲለምን እሱ ሲሚንቶ ትዝ ይለዋል!"

እኔ ከፋኝ። ይህን ሁሉ ፈልገን! ለሲሚንቶ! እሳቸው ግን ከእናቴ ጋር ተያይዘው ይስቃሉ፤ አዎ ተያይዘው፤ ርቀቱ ተረሳ። እንባቸው በማስካቸው ላይ ይወርዳል። "የጣልያንኛዋን 'ኦ' እዪ፣ ታደለች! አትገጥምም። ክቧን ይጀምርና ሳይዘጋት ይሄዳል፣ ከችኮላው። እሱ ነው። ራሱ ነው።"

ሳቁ ሲበርድ ግን ሦስታችንም የገባን ነገር አለ። ወረቀቱ የቅዳሴው ነው፤ ቅዳሴው ደግሞ ሂያጅ ነው።

"ያስቀሩት፣ እትዬ" አለች እናቴ። "ከዚያ ሁሉ ሳጥን አንድ ወረቀት ቢጎድል ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። ቼሎ የሌለው ቅዳሴ አንድ እግሩ የተቆረጠ ወንበር ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ያ ምስኪን ኦርጋን ተጫዋች ሌላ ወረቀት የለውም።" ወረቀቱን ግን ከደረታቸው አላላቀቁትም።

በማግስቱ ማለዳ የመጥረጊያው እንጨት መስኮታችን ላይ ነበር። "አንቺ ቀበጥ! ተነሺ! እንቀዳለን።"

እኔ አምስት አምስት መስመር አሰመርኩ፤ እሳቸው በሚነከር ብዕር ቀዱ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ ብዕሩን አንሥተው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ ሲያልፍ ይጽፋሉ። የተበላሸውን ቀድደው ይጥሉታል፤ እኔም እንደገና አሰምራለሁ። እያንዳንዱ ገጽ ግን ያለቀው ተጫዋቹ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱም አላመለጣቸውም። ካርላ "ሳጥኖቹ ታሰሩ?" ብላ ስትደውል "አንዱ ቀርቷል፣ አትነዝንዢኝ" እያሉ ይዘጉባታል።

ከዚያ "አቤቱ ማረን" ጋ ደረሱ። ኖታውን ጨረሱ። ብዕሩን እንደገና ቀለሙ ውስጥ ነከሩና፣ ልክ ሬንዞ በጻፈበት ቦታ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ጻፏት። 'ኦ'ዋንም ሳይዘጉ።

"እትዬ! ማስታወሻ በእርሳስ ነው ብለውኝ የለ እንዴ?"

"በእርሳስ ነው።"

"ታዲያ?"

"እዚያም እኔን የመሰለች ጎበዝ ሴት አትጠፋም።"

ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለታችንም ሳንተነፍስ ቆየን።

ኮንቴነሩ ቅጂውን ይዞ ሄደ። እኛም ኪራዩ ሲከብደን አባቴ ጋ ጻካኔ ገባን። እሳቸው በየሳምንቱ ይደውሉና "እጅሽ ንጹሕ ነው?" ይሉኝ ነበር፤ እስከዚህኛው ክረምት። ወረቀቱ፣ ዋናው፣ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ካርላን ልጠይቃት ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

የማስበው ስለዚያኛው፣ ስለ ቅጂው ነው። አንድ ቀን፣ ሰው እንደገና ተጠጋግቶ መቀመጥ ሲጀምር፣ ጣልያን አገር አንድ ቼሎ ተጫዋች ያንን ቅዳሴ ይከፍታል። መሪው እጁን ያነሣል፤ ሁሉም "ማረን" ይላል፤ እሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሲሚንቶ ያነባል። በዳቦ ያሸው ይሆናል። አይለቅለትም። ያኔ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ "ይሄ ምንድን ነው?" ይለዋል፤ ጎረቤቱም ትከሻውን ይነቀንቃል። ወይኔ፣ ያንን ጥያቄ እትዬ ኢዳ ቁጭ ብለው በሰሙት!